ወፍ ዘራሽ ነው ወይስ የዱር? የጎጃምን ግብጦ ለይቶ ካርታ ላይ ማስፈር

በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ቢያንስ አንድ ሰው በቴሌግራም ፎቶ ይልክልኛል። መንገድ ዳር የቆመ ግብጦ ነው። አበባው ነጭ፣ ጫፍ ጫፉ ሰማያዊ። ከሥሩ «የዱር ግብጦ አገኘሁ!» የሚል ጽሑፍ አለ። የኔ መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ «ፍሬውን አሳየኝ።» አበባው ለፎቶ ያምራል እንጂ ስለ ዘር ሐረጉ ብዙም አይናገርም።

ነገሩን ከመነሻው እንያዘው። ግብጦ፣ በሳይንስ ስሙ ሉፒነስ አልበስ፣ የሜዲትራንያን አካባቢ ተክል ነው። ግሬከስ የሚባለው የዱር ዘመዱ ዛሬም በራሱ ጊዜ እየበቀለ የሚገኘው በባልካን በኩል፣ ግሪክና አልባኒያ አካባቢ ነው። እኛ ጋ የደረሰው ሰው በጆንያ ይዞት ነው፤ ዘር ሆኖ። ስለዚህ እንጅባራ አጥር ሥር ወይም ደንበጫ ቦይ ውስጥ ግብጦ ስታዩ መጀመሪያ ማሰብ ያለባችሁ «ከማሳ ያመለጠ ነው» ብላችሁ ነው። አባቶቻችን ለዚህ ግሩም ቃል አላቸው፦ ወፍ ዘራሽ። ማንም ሳይዘራው የበቀለ። «አይ፣ ይሄ የዱር ነው» የሚል ሰው ካለ ማስረጃ የማምጣቱ ዕዳ የሱ ነው።

እና ለምን እንደክማለን? ወፍ ዘራሹ ራሱ ወሬ ስላለው ነው። ሰው ሳያርስለት፣ ሳያርምለት፣ አሲዳማ መሬት ላይ ዓመት ቆጥሮ የሚመለስ ግብጦ የት የት እንዳለ ማወቅ ለአዝርዕት ተመራማሪም ለገበሬም ይጠቅማል። እስቲ በቅደም ተከተል እንሂድ።

መጀመሪያ፦ ግብጦ መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ

እንዳትስቁ። የዱር ግብጦ ተብለው ከሚላኩልኝ ፎቶዎች መካከል ጭራሽ ግብጦ ያልሆኑ አሉ። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ክሮታላሪያ ነው፤ ጎጃም ውስጥ በየዳገቱ ሞልቷል። አበባው አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ነው፣ የፍሬው ከረጢት እንደ ፊኛ ይነፋና ሲደርቅ ብታወዛውዙት እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። ቅጠሉም በአብዛኛው ሦስት ሦስት ነው።

የግብጦ ቅጠል የተዘረጋ መዳፍ ነው። ከአንድ ነጥብ ተነሥተው እንደ ጃንጥላ ዘንግ የሚበተኑ ከ5 እስከ 9 ትንንሽ ቅጠሎች አሉት። ጠዋት ጤዛ ሲያርፍበት መሐሉ ላይ አንዲት ጠብታ ተቀምጣ ታገኛላችሁ። ጠርዙን በብርሃን ስታዩት የብር ቀለም ያለው ጸጉር አለው። ይህን ካያችሁ የግብጦ ቤተሰብ ነው።

ግን የትኛው ግብጦ? ትንንሾቹ ቅጠሎች እንደ ሣር ጠባብ ከሆኑ፣ አበባውም ሙሉ ሰማያዊ ከሆነ፣ ሌላ ዝርያ ነው፤ ሉፒነስ አንጉስቲፎሊየስ። እሱን ለመኖ ተብሎ ከውጭ የመጡት ጣፋጮቹ ዓይነቶች፣ ሳናቦርና ቪታቦር የሚባሉት፣ ያመጡት ነው። «ሰማያዊ ስለሆነ የዱር ነው» የሚለው ስሕተት አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ሆቴል ወይም ግቢ ውስጥ ደግሞ ረጅም ባለ ብዙ ቀለም አበባ ያለው፣ ቅጠሉ ከአሥር የሚበልጥ፣ ለጌጥ የተተከለ ካያችሁ እሱም ሌላ ነው። ዝርያው የተለየ ስለሆነ ለብቻው መዝግቡትና እለፉ።

ሁለተኛ፦ ተክሉን ሳይሆን መሬቱን አንብቡ

ተክሉ አጠገብ ቁሙና ዞር ዞር በሉ። ወደ ላይ ማሳ አለ? ጎርፍ ዘር ይዞ ይወርዳል። ቅርብ አውድማ አለ? ሲወቃ ብዙ ይረግፋል። አስፋልት ዳር ከሆነ መኪና የሚጫንበት ቦታ ነው? ቡሬና ፍኖተ ሰላም አካባቢ ጆንያ የሚወርድ የሚጫንበት ጥግ ሁሉ ወፍ ዘራሽ ቢገኝበት አይገርምም። ከቅርቡ ማሳ ያለውን ርቀት በእርምጃ ለኩና ጻፉት። የኔ አንድ እርምጃ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የናንተን አስቀድማችሁ በሜትር ለኩ።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ግብጦ መራራ ስለሆነ ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ፣ በጆንያ ታስሮ፣ ወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል። ስለዚህ ሰው ወንዝ ዳር የበቀለ ግብጦ ሲያይ «ከመዘፍዘፊያው አምልጦ ነው» ይላል። ቆይ እንጂ! እሳት ያየ ፍሬ አይበቅልም። እዚያ የበቀለ ካለ ወይ ጎርፍ ከላይ አምጥቶታል፣ ወይ ጥሬ የነበረበት ጆንያ እዚያ ተራግፏል። ምክንያቱን ሳታጣሩ «መዘፍዘፊያ» ብላችሁ አትጻፉ።

ከዚያ ሰው ጠይቁ። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው አልወድም፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ ዘልዬው ተዋርጃለሁ። በጮቄ ግርጌ፣ ስናን በኩል፣ አንድ ቁልቁለት ላይ ወደ 40 የሚሆኑ የግብጦ ተክሎች አገኘሁ። ዙሪያውን ማሳ የሚባል የለም፤ ቁጥቋጦና ሣር ብቻ። ልቤ መታ። ማስታወሻዬ ላይ «የዱር!» ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ ሁለቴ አስምሬበት ነበር። ላም የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው አዩኝ።

«እንዴት ዋሉ አባባ?»

«እግዜር ይመስገን። ምን ጠፍቶህ ነው ልጄ?»

«ይሄን ግብጦ እያየሁ ነው። የዱር ነው መሰለኝ።»

ሳቁብኝ። «የምን ዱር! የኔ ማሳ ነበር እኮ። ተከልሎ ነው ዱር የመሰለህ።»

ከተከለለ አራት ክረምት አልፎታል። አራት ክረምት ማንም ሳይዘራው! መጀመሪያ አፈርኩ፤ ቆይቶ ግን ነገሩ «የዱር» ብዬ ከጻፍኩት የበለጠ ጥሩ ሆኖ አገኘሁት። የታረሰ ዘር ራሱን ችሎ አራት ዓመት መቆየቱን በዓይኑ ያየ ምስክር አገኘሁ ማለት ነው። ሰውዬው ባይመጡ ኖሮ ካርታው ላይ ውሸት ይቀመጥ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እዚህ ተዘርቶ ያውቃል ወይ? ከተዘራ መቼ ቀረ? በየዓመቱ ይበቅላል ወይስ ዘንድሮ ብቻ ነው? ስትጠይቁ ደግሞ ስልካችሁን ኪስ አድርጉ። በገጠር ስልክ ደግኖ ማሳ የሚያነሣ ሰው «መሬት ሊለካ መጣ» ነው የሚባለው፤ አይፈረድባቸውም። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። የሚሠራ ሰው ካያችሁ «እግዜር ያበርታ» ማለት አትርሱ። መንገዱና አካባቢው ሰላም መሆኑንም ሳታረጋግጡ አትነሡ፤ ግብጦው የትም አይሄድም።

ሦስተኛ፦ የፍሬው ከረጢት

ዋናው ፈተና ይህ ነው። ለዚህ ተክሉ መድረቅ አለበት። ስለዚህ አንድ ቦታ ሁለቴ ትሄዳላችሁ፤ አንዴ በአበባ ጊዜ (ብዙው ቦታ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ)፣ አንዴ ሲደርቅ (ጥርና የካቲት)። አዘራሩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ጊዜውን አካባቢውን ጠይቃችሁ አስተካክሉ።

የዱር ጥራጥሬ ፍሬውን መበተን አለበት፣ ካልበተነ ዘሩ ይጠፋል። ስለዚህ ከረጢቱ ሲደርቅ በሁለት ይሰነጠቅና እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጠማዝዞ ፍሬውን ያስፈነጥራል። ገበሬ ደግሞ የሚበትን ተክል አይወድም። ሳይወቃ ማሳው ላይ ከረገፈ ምን ይሰበሰባል? በብዙ ሺህ ዓመት ምርጫ የታረሰው ግብጦ ከረጢቱን ሳይከፍት ዱላ የሚጠብቅ ሆኗል። የማሳ ግብጦ በእጅ ስትፈለቅቁት እንኳ ይታገላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቢያንስ ከአሥር ተክል ላይ በድምሩ 20 የደረቁ፣ ያልተከፈቱ ከረጢቶችን ውሰዱ። የወረቀት ከረጢት ውስጥ ጨምሩ (ፌስታል አይሆንም፣ ያልባል)፣ አፉን እጠፉና ቀትር ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። በሁለተኛው ቀን ክፈቱና ቁጠሩ። ግማሾቹ ከረጢቶች ተጠማዝዘው ፍሬያቸው ወረቀቱ ግርጌ ተበትኖ ካገኛችሁ፣ ያኔ ጆሯችሁ ይቁም። ሁሉም ወይም ከሞላ ጎደል ሁሉም እንደተዘጉ ከሆኑ የማሳ ልጅ ነው። ከመካከላቸው አንድ ሁለት ቢሰነጠቁ አትደናገጡ፤ የማሳውም ግብጦ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ላይ ከቆየ ስንጥቅ አያጣውም። መለያው መሰንጠቅ ብቻ አይደለም፣ ተጠማዝዞ መወርወር ነው።

ዘግይታችሁ ከደረሳችሁም መላ አለው። ተክሉ ላይ የቀረውን ባዶ ሽፋን እዩ። የዱሩ ጠምዛዛ ሆኖ ግንዱ ላይ ይቀራል። ከሥሩ አፈሩን በጣት ጫር ጫር አድርጉና ፍሬ ፈልጉ፤ ግንዱ ሥር ብቻ ተከምሮ ነው የወደቀው ወይስ አንድ ሁለት ሜትር ርቆ ተበትኗል?

አራተኛ፦ ፍሬው ራሱ

የጎጃም ግብጦ ፍሬ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠላ ቤት በስኒ ይቀርባል፤ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ አራት ማዕዘን የሚመስል፣ ነጣ ያለ። የዱሩ ዘመድ ፍሬ ግን ትንሽና ጠቆር ያለ፣ ዥንጉርጉር ነው። አፈር ላይ ከወፍ ዓይን የሚሰወረው ለዚህ ነው። ነጭ ፍሬ የሰው ምርጫ ነው።

መጽሐፍ ላይ ከተጻፈ ክብደት ጋር ግን አታወዳድሩ። የውጭ አገር ዝርያዎች ከኛው በመጠን ይለያሉ፤ ያልሆነ መደምደሚያ ላይ ያደርሳችኋል። ይልቅ ከዚያው ቦታ ቅርብ ከሆነው ገበያ አንድ ጣሳ ጥሬ ግብጦ ግዙ። ያልተቆላ መሆኑን አስረግጣችሁ ጠይቁ። ከሁለቱም 100፣ 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በትንሽ ሚዛን መዝኑ። ሚዛን ከሌላችሁ ወርቅ ቤት ወይም ቅመም ቤት ጎራ በሉ፤ እኔ ቅመም ቤት ነው የማስመዝነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ላይ እንደ እብድ አየኝ፣ አሁን ግን ራሱ «የዘንድሮው ቀሏል» እያለ ይተነትንልኛል።

ቀጥሎ የውኃ ፈተና። የዱር ፍሬ ቆዳው ውኃ አያስገባም፣ ሁሉም በአንድ ዝናብ በቅሎ እንዳያልቅ ራሱን የሚጠብቅበት ዘዴ ነው። የታረሰው ግን ውኃ ሲያገኝ ቶሎ ያብጣል። ሦስት ሰሃን አዘጋጁ። አንደኛው ላይ 20 የመንገድ ዳር ፍሬ፣ ሁለተኛው ላይ 20 የገበያ ፍሬ፣ ሦስተኛው ላይ እንደገና 20 የመንገድ ዳር ፍሬ፤ ግን የሦስተኛውን ጠርዝ በጥፍር መቁረጫ ትንሽ ቁረጡለት። ውኃ አልብሱና በ24 ሰዓት፣ ከዚያም በሦስተኛው ቀን ያበጡትን ቁጠሩ። የተቆረጡት አብጠው ያልተቆረጡት ጠጠር ሆነው ከቀሩ ቆዳው ነው የከለከላቸው። የተቆረጡትም ካላበጡ ፍሬው ሞቷል ወይም ሳይደርስ ተለቅሟል፣ ፈተናው አይቆጠርም። ከልክ በላይ የደረቀ የማሳ ፍሬም አንዳንዴ ስለሚያምፅ የገበያውን ሰሃን አትዝለሉ።

የማይለዩ ነገሮች

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። «ቀመስኩት፣ በጣም ይመራል፣ ስለዚህ የዱር ነው» የሚል ሰው አለ። ወንድሜ፣ የጎጃም ግብጦ ሁሉም መራራ ነው! ሉፓኒን የሚባሉት ዓይነት ንጥረ ነገሮች ናቸው የሚያመሩት፤ ያልተዘፈዘፈ ጥሬ ፍሬ መብላት ይመርዛል። የማይመረው ግብጦ አዲስ ነገር ነው፤ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ መጨረሻ ጀርመናዊው ራይንሆልድ ፎን ዘንግቡሽ ከብዙ ሺህ ተክሎች መካከል ምሬታቸው የቀነሰ ጥቂቶችን ለይቶ ካወጣ በኋላ የመጣ። ስለዚህ ምሬት የዱሩንና የአባቶቻችንን ግብጦ አይለይም። አትቅመሱ።

በግ አልበላውም ማለትም ያው ነው፤ የማሳውንም አይበላም። የአበባ ቀለምስ? የዱሩ ደመቅ ያለ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ነው፣ እውነት። ግን የኛም ግብጦ ከነጭ እስከ ሰማያዊ ጫፍ ድረስ ይለያያል። ስለዚህ ቀለም ጻፉ፣ ፎቶ አንሡ፣ ግን በሱ አትፍረዱ። የተክሉ ማጠርም እንደዚያው ነው። አሲዳማ፣ የተራቆተ መሬት ላይ የበቀለ ሁሉ ያጥራል። ግብጦ እንዲህ ዓይነት መሬት ላይ የሚኖረው ሥሩ ላይ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የተጠጋጉ አጫጭር ሥሮች አውጥቶ፣ ሲትሬት እየለቀቀ፣ አፈሩ የያዘውን ፎስፈረስ ስለሚያስለቅቅ ነው። አንዱን ከነሥሩ ቀስ ብላችሁ ነቅላችሁ በውኃ ብታጥቡት በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ለመለየት ግን አይረዳም።

አምስተኛ፦ ምድብ ስጡት

እኔ የምጠቀመው አምስት ምድብ ነው። አንድ፣ የተዘራ። ሁለት፣ ትናንት ግብጦ የነበረ ዛሬ ሌላ ሰብል ያለበት ማሳ ውስጥ በራሱ የበቀለ። ሦስት፣ ከማሳ ውጭ የበቀለ፣ ግን ከአንድ ዓመት በላይ መቆየቱ ያልታወቀ። አራት፣ ሳይዘራ ቢያንስ ለሦስት ዓመት በዚያው ቦታ እየተመለሰ ያለ፣ እሱንም የሚመሰክር ሰው ወይም የራሳችሁ መዝገብ ያለ። አምስት፣ ከረጢቱ የሚወረውር፣ ፍሬው ጠቆር ያለና ውኃ የማያስገባ፣ ሦስቱም በአንድ ላይ። የሽማግሌው ቁልቁለት አራት ነው። አምስት ብዬ የመዘገብኩት እስከ ዛሬ የለም።

ሦስቱ ምልክቶች ካልተሟሉ አምስት አትስጡ። ጥርጣሬ ካለ ወደ ዝቅተኛው ምድብ አውርዱ፤ ኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ስድስተኛ፦ ቦታውን መመዝገብ

ስልክ ይበቃል። የሳተላይት መቀበያው ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ ተራራ ላይ ኔትወርክ ጠፋ ብላችሁ አትመለሱ። ኮቦ ቱልቦክስ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ላይ ፎርም ቀድማችሁ ብትሠሩ ያለ ኢንተርኔት ሞልታችሁ ከተማ ስትገቡ ትልኩታላችሁ። ስልኩ ስሕተቱን ከ10 ሜትር በታች እስኪያወርድ ቆማችሁ ጠብቁ፤ ዛፍ ሥርና ሸለቆ ውስጥ ይዘገያል።

ቁጥሩን በአሥርዮሽ ጻፉ። ጎጃም ውስጥ ኬክሮሱ በአብዛኛው በ10 ወይም በ11 ይጀምራል፣ ኬንትሮሱ ደግሞ በ36፣ በ37 ወይም በ38። ሁለቱን ያቀያየረ ሰው ጉድ ነው የሚያየው፤ እንጅባራን ብታገላብጡ ቱኒዚያ ላይ ታርፋለች፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ትሰምጣለች። ይህ በኔ ደርሷል። ግብጦውን ወደ አገሩ መልሼው ነበር።

በወረቀት 1፡50,000 የቆየ ካርታ የምትጠቀሙ ካላችሁ ሌላ ጣጣ አለ። እነዚያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ልኬት ነው፤ ስልካችሁ የሚጠቀመው ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱን ሳታጣጥሙ ብታቀላቅሉ ነጥቡ ወደ 200 ሜትር ይሸሻል። 200 ሜትር ደግሞ በማሳና በጫካ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ቀኑንም ተጠንቀቁ። ፎቶው የፈረንጅ ቀን ይይዛል፣ እናንተ ማስታወሻ ላይ የኛን ትጽፋላችሁ፣ ሰዓቱ ደግሞ ስድስት ሰዓት ይለያያል። ፎርሙ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚል ሳጥን ጨምሩ።

ለእያንዳንዱ ቦታ ይህን ያህል ይበቃል፦ የተክሎች ብዛት (ከ50 በላይ ከሆነ በግምት)፣ ከቅርቡ ማሳ ያለው ርቀት፣ የበቀለበት ቦታ ዓይነት፣ ምድብ፣ የሰዎች ቃል፣ አራት ፎቶ። ፎቶዎቹ ሙሉው ተክል፣ ቅጠል፣ አበባ፣ ከረጢት ናቸው። ከረጢቱን ከማስመሪያ ወይም ከአንድ ብር ሳንቲም ጋር አንሡት።

ሰባተኛ፦ የት የት እንፈልግ

ሰው ባየበት ብቻ ነጥብ ካስቀመጠ የሚወጣው የግብጦ ካርታ ሳይሆን የአስፋልት ካርታ ነው። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ካርታው ላይ 5 በ5 ኪሎ ሜትር ካሬዎች አስምሩ። ከዓባይ በረሃ አፋፍ እስከ ጮቄ ደጋ፣ ከመራዊና ዳንግላ እስከ ሰከላ ድረስ ካሬዎቹን በከፍታ ለዩና ከየከፍታው በዕጣ ምረጡ። በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ 50 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ አምስት ቦታ ሂዱ፦ መንገድ ዳር፣ ቦይ ወይም ጅረት፣ የማሳ ድንበር፣ የከብት ግጦሽ፣ የተከለለ መሬት ወይም ደን። አዊ ውስጥ ከሆናችሁ ለከሰል የሚተከለውን የዲከረንስ (የውጭ ግራር ዓይነት) ደን ጠርዝም ጨምሩ፤ ያ ደን ብዙ ቦታ የበቀለው ትናንት ማሳ በነበረ መሬት ላይ ነው።

ግብጦ ካጣችሁ «የለም» ብላችሁ መዝግቡ። ይህን የሚያደርግ ሰው ትንሽ ነው፤ ባዶ ቦታ መጻፍ ስንፍና የሚመስለው ብዙ ነው። ግን «ፈልጌ አጣሁ» እና «አልሄድኩም» ካልተለዩ ካርታው ምንም አይናገርም።

ስምንተኛ፦ ኮምፒውተሩ ላይ

አጭር ነው። መረጃውን በኤክሴል ሰብስባችሁ ስታስቀምጡ «ሲ ኤስ ቪ ዩ ቲ ኤፍ 8» የሚለውን ምረጡ፤ ተራውን ከመረጣችሁ የግዕዝ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ነጻ በሆነው የካርታ ሶፍትዌር፣ በኪው ጂአይኤስ ክፈቱት፣ የመገኛ ልኬቱን ኮድ 4326 አድርጉ። ርቀት ወይም ስፋት ለማስላት ወደ 32637 ቀይሩት፣ ጎጃም የሚወድቀው በዚያ ክልል ነው። ከፍታውን ከስልካችሁ ሳይሆን የመሬትን ከፍታ ከሚያሳየው ከ30 ሜትሩ የኤስ አር ቲ ኤም የሳተላይት ምስል አውጡ።

ሲሣል ምድቦቹን በቀለም ለዩ፣ «የለም» የተባለውን ባዶ ክብ አድርጉ። በነጥቦች መካከል ያለውን ቦታ ግን ቀለም አትቀቡት። ካርታው ያምራል፣ ግን ያልሄዳችሁበትን ሁሉ እንደሄዳችሁ ያስመስላል። ለሌላ ሰው ስታጋሩም የሰው ጓሮ ላይ የወደቁ ነጥቦችን ወደ ካሬው መሐል አዛውሯቸው።

ዘጠነኛ፦ ናሙና

ምድብ አራትና አምስት ካገኛችሁ ቅርንጫፉን ከአበባና ከከረጢት ጋር ቁረጡ፣ በጋዜጣ መካከል አድርጉ፣ በካርቶን ያዙ፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫኑ። የግብጦ ግንድ ውኃ ስላለበት ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፣ አለበለዚያ ይሻግታል። የአበባው ቀለም ሲደርቅ ስለሚጠፋ ያኔውኑ ጻፉት። ለመታወቂያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ)፣ ለዘሩ ደግሞ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት አለ። ዘርን ለምርምር መውሰድ በአዋጅ 482/1998 የሚገዛ ስለሆነ፣ በተለይ ወደ ውጭ ለመላክ ያሰበ ሰው ፈቃድ ሳይዝ አንዲት ፍሬ እንዳያንቀሳቅስ።

ከመስክ ስትመለሱ የሱሪያችሁን እጥፋት፣ የቦርሳችሁን ጥግ፣ የጫማችሁን ሶል አራግፉ። በፀሐይ የተከፈተ የወረቀት ከረጢት ቦርሳዬ ውስጥ ረስቼ ባሕር ዳር ገብቼ ነበር። ቦርሳውን ጓሮ ውስጥ አራገፍኩት። በቀጣዩ ክረምት ቧንቧው አጠገብ ሦስት ግብጦ በቀለ። ምድብ ሦስት ብዬ መዘገብኩት፣ ምንጭ በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ የራሴን ስም ጻፍኩ።